አንድ ጣት ያዘነበለ ሞተር

ሸረፈዲን ሲናደድ መዶሻ አያነሳም፤ መዶሻ ያነሳውን ሰው ይሰድባል። ቀዝቃዛ ብረት የሚደበድብ፣ ሳይለካ የሚቆርጥ፣ የላላ ብሎን አይቶ የሚያልፍ ሁሉ ከሱ አፍ አያመልጥም። እኔ ደመላሽ የሞተር መካኒክ ነኝ። ከሱ ጋር አንድ ጣሪያ ስር ስሠራ አሥራ አራት ዓመቴ ነው። በነዚህ ዓመታት ውስጥ ከግማሽ ሰዓት በላይ ዝም ብሎ ያየሁት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ያ ዝምታ ከስድቡ ሁሉ የባሰ ነበር።

ተወልዶ ያደገው ወሎ፣ ቢስቲማ አጠገብ ነው። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ለሕንፃ ሥራ ድንጋይ ሊሸከም መቐለ መጣ። ድንጋይ እያቀበለ የመስኮት ብረት የሚበይደውን ሰው ሲያይ ሰነበተና አንድ ቀን ድንጋዩን አስቀምጦ "ብረቱን ልያዝልህ?" አለው። ከዚያ ወዲያ ድንጋይ አልተሸከመም። ኋላ ላይ ማርሚታ፣ የመኪና ድምፅ ማፈኛ፣ መሥራት ያዘ። የበሰበሰ የጭስ ቱቦ ቆርጦ ማውጣት፣ አዲስ ላሜራ ጠቅልሎ መበየድ፣ የሚያንጓጓውን መኪና ዝም ማሰኘት፤ ሥራው ይኸው ነው። ሚስቱ ሙሚና ሰሜን ክፍለ ከተማ ላይ የሴቶች ሻርፕ ትነግዳለች። አራት ልጆች አሏቸው። አራቱም ከትግርኛ ነው የሚጀምሩት፤ አማርኛ የሚያወጡት ከአባታቸው ጋር ሲከራከሩ ነው።

የሚሠራው ወደ ውቅሮ በሚወጣው መንገድ ዳር፣ በአቦይ ገብረዝጊ ግቢ ውስጥ ነበር፤ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ እዚያው አንድ ጥግ። አቦይ ገብረዝጊ ሰባ አራት ዓመታቸው ነው፤ የጭነት መኪና ሹፌር ነበሩ። በዕድሜያቸው ሙሉ የሳሱላት ነገር አንዲት መኪና ናት። ቀይ ሙስታንግ፣ ሁለት በር፣ ስምንት ሲሊንደር። በጃንሆይ ዘመን አስመራ የነበረ አንድ አሜሪካዊ አስገብቷት፣ ከእጅ ወደ እጅ ስትዞር ኖራ በ1985 ዓ.ም. እሳቸው ዘንድ ደረሰች። በጦርነቱ ትግራይ ተዘግታ በነበረችበት በከበባው ጊዜ አምቡላንስ ሲጠፋ፣ ቤንዚን በሃይላንድ ላስቲክ እየተለካ ሲሸጥ፣ እሷ ነበረች ወላድና በሽተኛ ወደ ዓይደር ሆስፒታል የምታመላልሰው። ሰፈሩ ስሟን ያውቃል፤ ስታልፍ የሚመርቃት ሰው አለ።

የዛሬ ሁለት ዓመት ገደማ ግራ ጎኗ ላይ ያለው የጭስ መቀበያ ተሰነጠቀ። ከሞተሩ የሚወጣውን ትኩስ ጭስ ሰብስቦ ወደ ማርሚታው የሚያወርደው፣ ከጊዛ፣ ቀልጦ በቅርጽ ከፈሰሰ ብረት፣ የተሠራውን ከባድ ዕቃ ማለቴ ነው። ጊዛ በብየዳ አይታመንም። ሸረፈዲን በየደው፤ በሁለት ወር እዚያው ላይ ተሰነጠቀ። ነቅሎ አወጣው፣ ከሰል ላይ አሙቆ በየደው፣ ቀስ ብሎ እንዲቀዘቅዝ አመድ ውስጥ ቀበረው፤ ደንቡ እንደዚያ ነው። በአራት ወር ተሰነጠቀ። ሦስተኛ ጊዜ ሲከፈት ሸረፈዲን ብረቱን በመቆንጠጫው ሞርሳ ላይ አስሮ ቆሞ አየውና "ይሄ ብረት ነው? ይሄ ብስኩት ነው። ከሻይ ጋር አቅርቡት" አለ።

የአቦይ ገብረዝጊ ልጅ ቴድሮስ አዲስ አበባ መለዋወጫ ይነግዳል። የአባቱን መኪና ሄደር አስገባላታለሁ ብሎ ተነሳ። ሄደር በጊዛው ፈንታ የሚገባ ነው፤ ለእያንዳንዱ ሲሊንደር ለብቻው አንድ ቱቦ፣ በአንድ ጎን አራት፣ እባብ መስለው ተጠማዘው ወርደው ከታች አንድ አፍ ላይ የሚገናኙ። ሞተሩ እንደ ልብ ይተነፍሳል፣ ጉልበቱ ይጨምራል፣ ድምፁም ይወፍራል። ከአሜሪካ አዝዞ፣ በሰው ሻንጣ አስልኮ፣ ሰባት ወር ጠብቆ፣ ባለፈው ኅዳር ሁለቱን ጎን በካርቶን ተሸክሞ መጣ። ለራሱም የሁለት ሳምንት እረፍት ወስዷል።

ረቡዕ ጠዋት ጀመርን። ኮፈኖ ከፈትን፣ ባትሪ ፈታን፣ ካንዴላ አወጣን። የአሜሪካ መኪና ብሎን በኢንች ነው፤ የኛ ቁልፍ ሁሉ በሚሊሜትር። የ14 ቁልፍ በትንሽ መታ መታ ይገባበታል፤ ማዕዘኑን ግን እንዳይበላው እጅ መጠንቀቅ አለበት። የሸረፈዲን እጅ ይጠነቀቃል። አሥራ ስድስቱንም ብሎን አንድ ሳይሰብር አወጣቸው። የሞተሩን ፊት በምላጭ ጠርገን፣ ጭስ እንዳያመልጥ አዲስ ጓርኒሲዮን አስቀምጠን ቀኙን አስገባን። አርባ ደቂቃ ፈጀ። ቴድሮስ ፎቶ አነሳ።

ግራው አልገባም።

ሞተር የሚያስነሳውን ሞቶሪኖ አወረድን፤ አልገባም። መኪናዋን በክሪክ ሌላ አንድ ክንድ አንስተን ከታች ሞከርን። ሸረፈዲን በጀርባው ካርቶን ላይ ተኝቶ ቱቦዎቹን እያዞረ ያስገባል፣ ከላይ እኔ እቀበላለሁ። የብሎን ቀዳዳዎቹ ሊገናኙ ሲሉ ሦስተኛው ቱቦ የመሪውን ዘንግ ይደገፋል። መሪው ሲዞር ቱቦውን ይፍቃል። እንዲህ ሆኖ መንገድ የሚወጣ መኪና ሰው ይገድላል።

ቴድሮስ በስልኩ መብራት ከላይ ያበራል። "ገባ?"

"አልገባም።"

"ትንሽ ግፋው፣ ኣያ ሸረፍ።"

"ጋሪ ነው የምገፋው?"

"ቪዲዮ ላይ አይቻለሁ እኮ። የሚነካው ቦታ ላይ ቱቦውን በመዶሻ ጎድጎድ ያደርጉታል፤ ሽርተት ብሎ ይገባል።"

ሸረፈዲን ከስር ወጣ። ፊቱ ላይ የዘይትና የዝገት ጢም ወጥቶበታል። "ቪዲዮው ላይ ያለው ሰውዬ የት ነው የሚኖረው?"

"አሜሪካ።"

"እሱን ጥራውና ይደብድብልህ። እኔ ሰባት ወር የተጠበቀ ቱቦ አልደበድብም።"

ያን ቀን እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ታገልን። ሐሙስም ደገምን። ሸረፈዲን ፋብሪካውን ሰደበ፣ ካርቶኑ ላይ ያለውን ሥዕል ሰደበ፣ ሥዕሉን የሣለውን ሰው ከነመምህሩ ሰደበ። "ለዚህች መኪና ተብሎ የተሠራ ነው ይላል። ማነው የለካት? እኔ ሳላውቅ መጥቶ ለክቷታል?" ግራውን ለአሥራ አንደኛ ጊዜ ሲያወርድ የእጁን ጀርባ ላሜራ ሸረከተው። በጨርቅ ጠቀለለውና ተመልሶ ገባ።

ቴድሮስም ትዕግሥቱ አለቀ። እሱ ክፉ ልጅ አይደለም፤ ግን ሁለት ቀን ሙሉ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ሰው ሲሠራ ቆሞ ማየት ለማንም ጥሩ አይደለም። አቦይ ገብረዝጊ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው፣ ሁለት የጭነት ሹፌሮችም ተራቸውን እየጠበቁ ባሉበት ተናገረው።

"ኣያ ሸረፍ፣ ይሄ የባጃጅ ማርሚታ አይደለም። ካልቻልክ ካልቻልኩ በል።"

"ምን አልክ?"

"ጊዛውን ሁለት ጊዜ በየድከው፤ ሦስት ጊዜ ተሰነጠቀ። አሁን ደግሞ የፋብሪካ ዕቃ አልገባ አለህ። ሁልጊዜ ብረቱ ነው ጥፋተኛው? አባቴ ስለሚወድህ ነው እንጂ እኔ ብሆን ለሚችል ሰው ነበር የምሰጣት።"

ሹፌሮቹ ወደ መሬት አዩ። ሸረፈዲን እጁ ላይ ያለውን ጨርቅ ፈትቶ ጣለው።

"ስማኝ ቴድሮስ። ይሄ ቱቦ የማይገባው ከመጣበት ጠማማ ስለሆነ ነው። በኔ እጅ ጥፋት ከሆነ፣ ወላሂ፣ ማሽኔን ነቅዬ ከዚህ ግቢ እወጣለሁ።"

"ሸረፍ፣ ለቱቦ መሐላ አይባክንም" አሉ አቦይ ገብረዝጊ።

"ባክኗል ኣቦይ" አላቸው።

ሸረፈዲን በቀን መቶ ጊዜ ይቆጣል፤ ሲምል ግን አልሰማሁትም ነበር። ለሃያ ሁለት ዓመት ከመኖሪያ ቤቱ በላይ የዋለበትን ጥግ፣ በእጁ የተከለውን ሞርሳ፣ ደንበኛው ዐይኑን ጨፍኖ የሚመጣበትን ቦታ፣ በአንድ አረፍተ ነገር አስያዘው።

ዓርብ ጠዋት ስመጣ ቀድሞኝ ደርሷል። ቱቦውን ትቶ መኪናዋን እየለካ ነው። ቀጭን ሽቦ ወስዶ በቀኝ በኩል ከሻንሲው እስከ ሞተሩ ራስ ድረስ ያለውን ርቀት ሽቦው ላይ ቆርጦ ምልክት አደረገ። ያንኑ ሽቦ በግራ በኩል አስገባው። ሽቦው ተረፈ። ተሳስቻለሁ ብሎ ደግሞ ለካ። አሁንም ተረፈ፤ የአንድ ጣት ውፍረት ያህል። ሞተሩ ወደ ግራ አዘንብሏል።

"ባትሪ አብራልኝ" አለኝ። ተኝቶ ገባ፤ እኔም ጎኑ ተኛሁ። ሞተር ሻንሲው ላይ በባዶው አይቀመጥም፤ በቀኝም በግራም መንቀጥቀጡን የሚውጥለት ወፍራም ጎማ አለው። የቀኙ የፋብሪካ ነው፤ አርጅቷል፣ ግን ቁመቱን ይዟል። የግራው ግን የፋብሪካ አልነበረም። ከጭነት መኪና ጎማ በቢላዋ የተቆረጠ፣ ከላይና ከታች በተበየደ ላሜራ ተይዞ በሁለት ብሎን የታሰረ ነው። የብየዳውን መስመር ለማወቅ ባትሪ አላስፈለገኝም። እንደ ዓሣ ቅርፊት አንዱ ባንዱ ላይ እኩል እኩል የተነባበረ። መቐለ ውስጥ እንደዚያ የሚበይድ አንድ ሰው ነው ያለው፤ እሱም ጎኔ ተኝቷል።

ዝም ያለው ያኔ ነው።

እኔም ትዝ አለኝ። በከበባው ሁለተኛ ዓመት መኪናዋ አንዲት ወላድ ይዛ ወደ ዓይደር ስትሮጥ ጉድጓድ ውስጥ ገብታ የግራው የሞተር ጎማ ለሁለት ተቀደደ። መለዋወጫ የለም፤ መንገድ የለም፤ ባንክ የለም። ሸረፈዲን የወላለቀ የጭነት ጎማ ላይ ቁጭ ብሎ በሁለት ሰዓት ይህን ሠራ። የጎማው ውፍረት አንሶ ነበር። ሌላ ድርብ ለመጨመር የሚሆን ቁራጭ አልነበረም። "ለጊዜው ይሁን" አለና አሰረው። በማግስቱ መኪናዋ ሥራ ጀመረች። ሰው አጨበጨበለት። ከውጭ የመጣ ፎቶ አንሺ ሳይቀር ጎማውን አስይዞ አንስቶታል።

የቀረውን ሁለታችንም ተኝተን በሐሳባችን አገናኘነው። ሞተሩ ሲያዘነብል ከስሩ የታሰረውን የጭስ ቱቦ ይጎትታል። የጭስ ቱቦው የጊዛውን አንገት ይጎትታል። ጊዛ መጎተት አይወድም፤ ይሰነጠቃል። ሸረፈዲን ብስኩት እያለ የሰደበውን ብረት ሦስቱንም ጊዜ የሰበረው የራሱ ጎማ ነው። ሄደሩም ጠማማ አልነበረም። በትክክለኛ ልክ የተሠራ ቱቦ፣ እኛ ጠማማ አድርገን የለመድነው ሞተር ላይ አልገባም አለ፤ ነገሩ በቃ ይኸው ነው።

እኔ ሥራ የሚፈታበትን መንገድ የማይ ሰው ነኝ። "ሸረፍ" አልኩት፣ "አሁን ማንም የለም። እስከ ጁምዓ ጎማውን ቀይረን፣ ልኩን አስተካክለን፣ ሄደሩን እናስገባው። ገባ እንላለን። ማን ያውቃል?"

መልስ ሳይሰጠኝ ረጅም ጊዜ ቆየ። ከላያችን ዘይት በየደቂቃው አንድ ጠብታ ይወርዳል። ከዚያ ቁጣው ተመለሰ፤ በዝግታ ነበር የመጣው፣ ድምፁንም አላነሳም።

"አንተ የተማርክ ሰው ነህ። ቴክኒክና ሙያ ዲፕሎማ ሰጥቶሃል። ዲፕሎማህ ላይ ይህ አለ?"

"እኔ ላንተ ብዬ ነው።"

"ለኔ ብለህ አትዋሽ። ለኔ ብለህ ባትሪ ያዝ።"

ጎማውን ፈታው። የሞተሩን አንድ ጎን በክሪክ ደግፈን ጎማው ሲወጣ ጠርዙ ተፈርፍሮ እጁ ላይ ቀረ። በጋዜጣ ሳይጠቀልል፣ ሳይጠርገው፣ እንዳለ ይዞ አቦይ ገብረዝጊ ወንበር አጠገብ ሄደ። ቴድሮስ በሩ ላይ ስልክ ያወራ ነበር፤ ሲያየው ዘጋው።

"ጥፋቱ የኔ ነው" አለ ሸረፈዲን። ሁሉንም በተርታ ነገራቸው። የጎማውን ቁመት በካሊፐር ለክቶ አሳያቸው፤ ከቀኙ በአሥራ አምስት ሚሊ ያንሳል። ስንጥቁን፣ መጎተቱን፣ ሄደሩን፣ አንዱንም አላለፈም።

አቦይ ገብረዝጊ ጎማውን ተቀብለው አገላብጠው አዩት። "ዋእ፣ ሸረፍ። ይሄን ስታስር ክሪኩን የያዝኩልህ እኔ ነኝ። ይሄ ጎማ ስንት ሰው አድኗል።"

ሸረፈዲን በጣም የተናደደው እዚህ ጋ ነው። ምስጋና እንደዚያ ሲያስቆጣው አይቼ አላውቅም።

"ያዳኑት እርስዎ ነዎት። ቤንዚን ያካፈሉ ሰዎች ናቸው ያዳኑት። ጎማው ማንንም አላዳነም ኣቦይ፤ ጎማው አጭር ነበር። ሳስረው አጭር መሆኑን አውቃለሁ። ለጊዜው አልኩ። ጊዜው አለፈ። መንገድ ተከፈተ፣ መብራት መጣ፣ ዕቃ በየሱቁ ሞላ፤ እኔ በየቀኑ ባጠገቧ አልፋለሁ፣ አንድ ቀን ጎንበስ ብዬ አላወጣሁትም። ሰው ሲያደንቀኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ፎቶ አስነሱኝ።"

እኔ የግቢያችንን ግድግዳ አየሁ። በሽቦ የታሰረ ቧንቧ፣ ከብስክሌት ጎማ በወጣ ከመነዳሪ የተጠቀለለ የውሃ ቱቦ፣ በብሎን ፈንታ ምስማር። ሁሉም ለጊዜው። ያኔ ያለ እነሱ አንኖርም ነበር፤ እውነት ነው። አሁን ግን እንደ ሜዳልያ አንጠልጥለናቸው እንኖራለን፤ ከስር ደግሞ ሌላ ነገር እየሰበሩ ነው።

ቴድሮስ ሊደሰት ይችል ነበር። አልተደሰተም። "ታዲያ ቀይረው። ጎማውን ከአዲስ አበባ አስመጣለሁ፤ ሱቄ መደርደሪያ ላይ አለ። ማን ውጣ አለህ?"

"አንተ አላልክም። እኔ ነኝ ያልኩት።"

ከጁምዓ መልስ ጋሪ ይዞ መጣ። የብየዳ ማሽኑን፣ ሞርሳውን፣ የኤሌክትሮድ ሳጥኑን ጫነ። ሞርሳውን ከሲሚንቶው ለመንቀል አንድ ሰዓት ፈጀበት። ሙሚና ሰምታ ሱቋን ዘግታ ደረሰች፤ በሩ ላይ ቆመች፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ።

"አንተ ሰውዬ፣ አብደሃል? መሐላ ከፋራ አለው፣ ማካካሻ። ሦስት ቀን ጹም፣ ወይ አሥር ሚስኪን አብላ። እኔ አበላልሃለሁ።"

"ከፋራው ለአላህ ነው፤ እሱንም እጾማለሁ" አላት ጋሪውን እየገፋ። "ለቴድሮስ ግን ምን ልጹምለት? በሰው ፊት ተናግሬያለሁ።"

"በሰው ፊት ስንት ነገር ተናግረሃል። ሁሉንም ብትፈጽም ዛሬ መቐለ ውስጥ በሕይወት ያለ መካኒክ አይኖርም ነበር።"

ሹፌሮቹ ሳቁ። እሱ አልሳቀም። ሦስት መቶ ሜትር ያህል ርቆ፣ ከአንድ ጎማ ጠጋኝ፣ ከጎሚስታ ሱቅ ጎን፣ ከባዶ ኮንቴይነር ፊት ለፊት ማሽኑን አወረደ። ጣሪያ የለውም። መብራቱን ከጎሚስታው በገመድ ይስባል፤ ጎሚስታው ኮምፕሬሰሩን ሲያስነሳ የሸረፈዲን ብየዳ ይደክማል። ያኔ ጎሚስታውንም ይሰድበዋል።

አዲሱ የሞተር ጎማ ማክሰኞ በአውቶቡስ ደረሰ። ሁለቱንም ጎን ቀየርኩ። ሞተሩ ቀጥ አለ። ግራውን ሄደር ከታች አስገባሁት፤ ሠላሳ አምስት ደቂቃ። በቱቦውና በመሪው ዘንግ መካከል ጣቴን አስገብቼ መሪውን አዞርኩት። ምንም አይነካም። ብሎኖቹን ከመሀል ወደ ዳር በየተራ አጠበቅሁ። የቀረው አንድ ሥራ ነበር፤ የሄደሩን አፍ ከማርሚታው ጋር መበየድ።

ቴድሮስ ማርሚታ አልፈልግም አለ። "ቀጥታ ቱቦ ይሁን። ለድምፁ አይደል ይህን ሁሉ የለፋነው?"

"ምንም ይሁን ምን የሸረፍ እጅ ነው የሚበይዳት" አሉ አቦይ ገብረዝጊ። "ጥራው።"

ቴድሮስ ሄዶ ጠራው። ሸረፈዲን ወደ ግቢው አልገባም፤ መኪናዋን አምጣ አለው። ቴድሮስ ደም ፍላቱ እየታየ ተመለሰና ቁልፉን ይዞ ገባባት። "ገፍተን እናውጣት" ብዬው ነበር። "ለምን? ሞተር አላት" አለኝ።

አስነሳት። ማርሚታ የሌለው ስምንት ሲሊንደር ድምፅ አይባልም፤ ደረት ውስጥ ነው የሚፈነዳው። ቆርቆሮው ተንቀጠቀጠ። ቴድሮስ ከበሩ ወጥቶ አስፋልቱ ላይ አንዴ ነዳጅ ሲረግጥላት ያ ድምፅ መንገዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ መታው።

ቲማቲም የምትሸጠው ሴትዮ ከነመቀመጫዋ ወደቀች፤ ወድቃም አልተነሳችም፣ ጭንቅላቷን በሁለት እጇ ሸፍና መሬት ላይ ቀረች። ከትምህርት ቤት የሚመለሱ ልጆች ግድግዳ ስር ተከመሩ። አንድ ሽማግሌ ከባጃጅ ወርደው ወደ ሰማይ አንጋጠጡ። ጎሚስታው ያነሳውን ጎማ ለቆ ኮንቴይነሩ ውስጥ ገባ። ይህን ሁሉ ለማድረግ ከሁለት ሰከንድ በላይ አልፈጀባቸውም። በዚህ ከተማ ሰው ከጭንቅላቱ በፊት ጉልበቱ ነው የሚያስታውሰው።

ቴድሮስ አጠፋት። እጁ ቁልፉ ላይ እንዳለ ቀረ። በጦርነቱ ጊዜ እሱ አዲስ አበባ ነበር፤ ይህን አላየም። ሴትዮዋ ተነሳች፣ ቀሚሷን አራገፈች፣ የተበተነውን ቲማቲም መልቀም ጀመረች። ቀና ብላ አየችው።

ሸረፈዲን ከኮንቴይነሩ አጠገብ መጣ። ይጮህበታል ብዬ ጠብቄ ነበር። መስኮቱ ላይ ጎንበስ አለና "ውረድና ግፋ" አለው።

ቴድሮስ ወረደ፣ ገፋ። እኔም ገፋሁ። ሁለት መቶ ሜትር፣ ትንሽ ዳገት አለው፤ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተለጠፈ። ሸረፈዲን መሪውን ይዞ በመስኮት በኩል እየተራመደ ወደ ኋላ ይናገራል።

"ሁለት ማርሚታ ነው የምሠራላት። በየጎኑ አንድ።"

"እሺ።"

"ውስጡን በመስታወት ጥጥ እሞላዋለሁ። ጉልበቷ አይቀንስም። ድምፅ ብቻ ነው የምወስድባት።"

"እሺ አልኩ፣ ኣያ ሸረፍ።"

"አፍህ እሺ ይበል፤ እጅህ ግን ላልቷል። ግፋ።"

ሁለት ቀን ሠራ። ቴድሮስ ካርቶን ላይ ተኝቶ ቱቦ ያዘለት፤ ፍንጣሪ ክንዱን ሁለት ቦታ አቃጠለው። ሐሙስ ማታ ገደማ መኪናዋ ስትነሳ ቲማቲም የምትሸጠው ሴትዮ ቀና ብላ አይታ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ቴድሮስ ሊሳፈር ሲል ኮንቴይነሩ ጋ ሄደ። "እኔ ነኝ ያስማልኩህ" አለው።

"አዎ፣ አንተ ነህ።"

"ይቅርታ አድርግልኝ። ተመለስ።"

"ይቅርታውን አድርጌያለሁ። አልመለስም። በዚህ አፌ ብመለስ ነገ የምናገረውን ማን ያምናል?"

አቦይ ገብረዝጊ በልጃቸው ላይም በሸረፈዲንም ላይ ተቆጥተው ሳምንት ሙሉ ሁለቱንም አላናገሩም። የግቢው ጥግ እስካሁን ባዶ ነው፤ ለሌላ በያጅ አላከራዩትም።

ሸረፈዲን ግን ሌላ ሥራ ጀምሯል። በከበባው ጊዜ "ለጊዜው" ብሎ ያሰረውን፣ የለጠፈውን፣ የደገፈውን መኪና ሁሉ በስልክ እየጠራ ነው። የሁሉንም ያስታውሳል፤ ታርጋውን ረስቶ ስንጥቁን የሚያስታውስ ሰው ነው። አብዛኞቹ አይመጡም። የመጡትም ይከራከሩታል። ባለፈው ቅዳሜ አንድ የሚኒባስ ሹፌር መጥቶ፣ ከአራት ዓመት በፊት የተበየደለትን የኋላ ማሰሪያ ልትፈታብኝ ነው ወይ ብሎ በሩን ከውስጥ ይዞ ተቀመጠ።

"በዚህ ብየዳ ስንት ጊዜ ዓዲግራት ደርሼ ተመልሻለሁ። ደህና ነው። ተወው።"

"ማን በየደው?"

"አንተ።"

"እንግዲያው ደህና እንዳልሆነ የማውቀው እኔ ነኝ" አለው ሸረፈዲን ክሪኩን ከስር እያስገባ። "ሰው ጭነህ ነው የምትሄደው። ውረድ፤ ቁልፉን ስጠኝ።"